የለም ያልኩ ለታ

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ አባቴን ጠይቀን መጣን። ከስቷል። ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሲያዋራን አንድ እጁን ከጎኑ አላነሣም። እናቴ «ምንህን ነው?» ስትለው «ትንሽ ጎኔን» አለ። ከኋላው የቆመው ጠባቂ፣ ትዕዛዙ፣ አላስቻለውም።

«ትንሽ አይደለም እትየ አገኘሽ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምጥ ያዘች ሴት ነው የሚያድረው።»

«አንተ ደግሞ!» አለው አባቴ።

«ምን ልበል ታዲያ? ሳቀ ልበላቸው?»

ትዕዛዙ ሲስተር ካሰችን ጠራልን። የማረሚያ ቤቱ ነርስ ናት፣ ወጣት ናት፣ ፈጠን ፈጠን ብላ ነው የምታወራ። የኩላሊት ጠጠር ነው አለችን። ጠጠሩ የሽንቱን መንገድ ዘግቷል፤ እሷ ማስታገሻ ከመስጠት ሌላ የምታደርገው የለም፤ ጎንደር ሄዶ መውጣት አለበት። ከቆየ ኩላሊቱን ያበላሸዋል፣ ከዚያ መርዙ ወደ ደሙ ይገባል። እናቴ ይህን ስትሰማ ላሟን ልትሸጥ እዚያው ተነሣች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሲስተር ካሰች። «የጤና መድን የላችሁም?»

«አለን እንጅ! በኅዳር ነው ያሳደስነው። ይችው ስርጉት ናት ተሰልፋ ያሳደሰችው።»

«እንግዲያማ ላሟን ተያት። የታሰረ ሰውም የቤቱ ሰው ነው። ደብተሩን አምጭልኝ፣ የሪፈር ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ።»

እናቴ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ሲስተር ካሰች በሁለት እጇ ያዘቻት። ስንመለስ ሚኒባሱ ሸሕዲ እስኪደርስ እናቴ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስለ መድኑ አወራች። «የታሰረም ያሳክማል አሉ!» አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ «መድን ብቻ አይደለም፣ መድኃኔዓለም ነው በይኛ» አሏት። ሁሉም ሳቀ።

እኔ በመስኮት ሳይ መጣሁ። ተመስገን።

ጥር 11፣ እሁድ፣ ጥምቀት

ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

አባቴ ትራክተር ነጂ ነው። በመስከረም የሰሊጥ አጫጆችን በተሳቢው ጭኖ ወደ እርሻ ሲሄድ አንዱ ወደቀ። ከወሎ ለሥራ የመጣ ልጅ ነው፣ ሰውነት ይባላል። እዚያው ሞተ። አባቴ «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» አላለም። «ተሳቢው ሞልቶ ነበር፣ አትውጡ ማለት ነበረብኝ» ነው ያለው፣ ለዳኛውም እንደዚያው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ማንም አልከለከለኝም። መምህሩ ስም ሲጠራ «ስርጉት እንግዳው» ሲል ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ሰባተኛን ጀምሬ ነበር።

ጥር 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት

እናቴ ቸኩላለች። ደብተሩን ከሣጥን አወጣች፣ በፌስታል ጠቀለለችው። ማንበብ አትችልም። «ሁላችንም አለንበት አይደል?» አለችኝ። «አለን» አልኳት። ገልጬ አላየሁትም። ሚኒባሱ ሊያመልጣት ነበር።

ጥር 12፣ ማታ

ተመለሰች። ሲስተር ካሰች ደብተሩን አነበበችላት። አገኘሽ ወርቁ፣ ስርጉት እንግዳው። ሁለት ሰው ብቻ። አባቴ የለበትም።

እናቴ እራት አልበላችም። «ማን አወጣው? ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ። አንችም ትመጫለሽ፣ ታነቢልኛለሽ።»

ጥር 13፣ ማክሰኞ

የመድን መዝጋቢው ደረበ ይባላል። ከጎጃም ተቀይሮ የመጣው በጥቅምት ነው፤ የቆላውን ሙቀት ገና አልለመደውም፣ ፎጣ ውሃ ነክሮ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚውለው። ሰዉ ተሰልፎ ነበር። እናቴ ሰልፉን አልፋ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ጣለችው።

እሱ ትልቁን መዝገብ ገለጠ። በአባቴ ስም ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ከጎኑ ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ «በሞት የተለየ።»

«ማን ነው የሞተው?» አለች እናቴ። «ትናንት በዓይኔ ያየሁትን ሰው! እኔ ጠጠሩ ይገድለዋል ብዬ ስፈራ አንተ በእስክሪብቶ ቀድመህ ገድለህ፣ ቀብረህ፣ ተዝካሩን በልተሃል!»

ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «ቀባሪው!» አለ። ሰው ሳቀ።

ደረበ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለ፤ ከቀይ መስመሩ በስተቀኝ መረጃ የሰጠው ሰው ስምና ፊርማ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አነበበው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ጫማውን አየሁ። ነጠላ ጫማ ነው፣ የግራው በሲባጎ ታስሯል።

መዝገቡን ዘጋው። «ስህተት ይኖራል እትየ። አባወራው በሕይወት እንዳሉና የት እንዳሉ ከማረሚያ ቤቱ ደብዳቤ ያምጡልኝ። እናርመዋለን።»

እናቴ እስከ ቤት ድረስ ረገመችው። ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር «ልጄ እንኳ በኔ ፈንታ አፍራ መሬት መሬት ታያለች» አለች። ጎረቤቶቹ «ስርጉትማ ዓይነ አፋር ናት፣ ጨዋ ናት» አሉ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

እናቴ ለደብዳቤው ሄዳ በዚያው ቀን ይዛ መጣች። ሲስተር ካሰች ከቢሮ ቢሮ ራሷ ሮጣ ነው ያስፈረመችላት። ምሳዋን ሳትበላ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ጥር 15፣ ሐሙስ

እናቴ ደብዳቤውን ለደረበ አደረሰች። «አንድ ነገር ቀርቷል» አላት። «የሚሞላ ቅጽ አለ። ማንበብ የምትችለዋን ልጅሽን ላኪልኝ፣ እሷ ትሞላዋለች።» እናቴ «የራሱን ሥራ በልጅ ሊያሠራ!» እያለች ነው የነገረችኝ።

ከሰዓት ሳሙና ልገዛ እማማ ዘሀቢያ ሱቅ ሄድኩ። እሳቸው መተማ ዮሐንስ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ከድንበሩ ማዶ ካለው ገበያ ያመጡት ዐረብኛ ባማርኛቸው መሀል ይገባል። ሳሙናውን ይዘው አልሰጥም አሉኝ።

«ያ ቢት! አንች ልጅ፣ ቀና በይ እስቲ። በኅዳር መድን ስታሳድሽ ከኋላሽ ተሰልፎ የነበረው ማነው?»

«አላስታውስም እማማ።»

«እኔ ነበርኩ። ጆሮዬ ደግሞ ሱቅ ዘግቼ የወጣሁ ለታም ይሠራል።» ሳሙናውን አንከባለሉት። «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፣ ነገ ተመልሳ ታርመዋለች ብዬ ዝም አልኩ። የኔም ጥፋት አለበት። አሁን ግን ኸላስ፣ ይበቃል። ያ ጎጃሜ የማያውቀውን ኃጢአት ተሸክሞ መንደር ለመንደር ይዞራል።»

ሳሙናውን ሰጡኝ። አንድ ከረሜላ ጨመሩልኝ። ወቀሳና ከረሜላ ባንድ ፌስታል። ወጥቼ ከግንቡ ጀርባ ቆሜ በላሁት።

ጥር 16፣ አርብ

ቀበሌ በር ድረስ ሄድኩ። ሰው ነበር። ተመለስኩ። እናቴን «ቢሮው ዝግ ነው» አልኳት።

ጥር 16፣ ማታ

አልዋሸሁም ብዬ ለራሴ ስናገር ሁለት ወር ሆነኝ። በኅዳር የተባባልነውን ልጻፈው።

ደረበ «የቤተሰብ ኃላፊ?» አለ። «እንግዳው ጥሩነህ» አልኩ። «እሱስ?» አለ። «የለም» አልኩ። ቤት የለም፣ ይህ ውሸት አይደለም። ደረበ ቀና ብሎ አየኝ። ለፀሐዩ ጥቁር ሻሽ አስሬ ነበር። «በትራክተሩ አደጋ ጊዜ ነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። በትራክተሩ አደጋ ሰው ሞተ ሲባል ሰምቷል፤ ማን እንደሞተ አልሰማም፣ አዲስ ነው። ከኋላዬ ካንድ ክፍል የነበርን ሁለት ልጆች ተሰልፈዋል። ታስሯል ብል ይሰማሉ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት።

«ኧረ እግዜር ያጥናችሁ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ፣ ዓይኑ እርጥብ ሆነ። ቀይ እስክሪብቶ አነሣ። «እዚህ ጋ ስምሽን ጽፈሽ ፈርሚ» አለኝ። በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩ።

በአዲሱ ደብተር የአባቴ ስም እንደሌለ ያን ለታ መንገድ ላይ አይቻለሁ። ሰኞ «አለን» ስላት አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቀዩን መስመር ሲያሰምር ቀለል አለኝ። ይህን አረፍተ ነገር ነገ እሰርዘዋለሁ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አልሰረዝኩትም።

አባቴ ዛሬ መቆም አልቻለም፣ ትዕዛዙ ደግፎት መጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። እናቴ ሁሉንም ነገረችው። አባቴ ጎኑን ይዞ ሳቀ።

«ቀብሬ ላይ ብዙ ሰው መጣ?»

«አትቀልድ!» አለችው እናቴ።

«እድሬስ ከፈለ? ትዕዛዙ፣ የሞተ ሰው ስትጠብቅ ከርመሃል፣ ደመወዝህን አስጨምር።»

ትዕዛዙ ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እናቴም ልትስቅ ነበር። ከዚያ አባቴን ላብ አጠመቀው። ከንፈሩ ነጭ ሆነ።

ሲስተር ካሰች እኔንና እናቴን ወደ ጎን ጠራችን። «ትኩሳት ጀምሮታል። ይህ ቀልድ አይደለም። የመድኑ ነገር የት ደረሰ?»

«ትናንት ቢሮው ዝግ ነበር» አለች እናቴ።

ሲስተር ካሰች «አርብ? ዝግ?» አለች። የኔ ውሸት ባትኖር ደብተሩ ዛሬ በእጃችን ነበር።

ነገ እሁድ ነው። ሁለት ቀን። ፈጣሪዬ ሁለት ቀን ያቆየው።

ጥር 19፣ ሰኞ

ሄድኩ። ቢሮው ሳይከፈት ነበር የደረስኩት፣ አንደኛ ልሆን፣ ሰው ሳይኖር ልናገር ብዬ። ሳይከፈትም አሥራ ምናምን ሰው ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ደረበ ቅጹን አወጣ። «ምን ልታስተካክይ ነው?» አለኝ። እንደ ሕጉ መጠየቅ አለበት። ተናገርኩ። «አልሰማሁሽም» አለ። እውነቱን ነው፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል። ደግሜ ተናገርኩ፣ አሁንም አልሰማም። በዚህ መሀል ሞተሩ ጠፋ። እኔ ግን ጀምሬ ነበርና ድምፄ እንደተነሣ ቀረ።

«አባቴ አልሞተም! ታስሮ ነው! አሞታል!»

ሰልፉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከኋላዬ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ይኼ ምኑ ያሳፍራል ልጄ? እኔ አብርሃ ጅራ ከተማ በላም ሌባነት ሦስት ወር ታስሬያለሁ። ላሟ ራሷ ወደ ጌታዋ ቤት ስትመለስ ነው የተፈታሁት።»

«ላሟ ናት ዋስ የሆነችህ!» አላቸው ሌላው።

«አዎ፣ እሷም ቶሎ አልመጣችም!»

ሳቁ። በኔ አልነበረም የሳቁት። አንዲት ሴትዮ ውሃ ሰጠችኝ፣ «ጌታ ይማረው» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት ይህንን ሰልፍ ነበር።

ደረበ ቅጹን ወደኔ ገፋው። «የስህተቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ሌላው ሰው እንዳያይ መዳፉን ከዳር ጋርዶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። በራሱ እጅ «በአነጋገር አለመግባባት» ብሎ ጽፏል። ማን እንደተናገረ አልጻፈም። ፈረምኩ።

«ጋሼ» አልኩት።

«ሂጅ» አለኝ። «ረቡዕ ደብተሩን ውሰጅ። በርቺ።»

ጥር 21፣ ረቡዕ

ሦስት ስም። ማኅተም አለው። እናቴ «እንግዳው የሚለው የቱ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷን አስቀምጣ ፊደሉን ተከተለችው፣ እየመላለሰች። «እ ይህች ናት?» «አዎ።» «ን?» «ይህች።» ቀኑን ሙሉ በአመድ ላይ ስትጽፈው ዋለች። «ግ» ከሰው እግር ጋር ትመሳሰላለች አለችኝ።

ተመስገን። ግን «ያ ቀባሪ አፍሮ ነው የመለሰው» አለች። ደብተሩን ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ መለስኩት።

ጥር 23

መንገድ ተዘግቷል። ከሸሕዲ ወደ ላይ፣ ወደ ጎንደር፣ መኪና አያልፍም።

ጥር 24

ዛሬም። አባቴን አላስገቡንም፣ ክሊኒክ ተኝቷል። ሲስተር ካሰች «ሽንት ትንሽ ትንሽ አለ፣ ተስፋ አለው» አለች። ቤቷ አልሄደችም፣ ክሊኒኩ ውስጥ ነው የምታድር።

ጥር 25

ዛሬም።

ጥር 26፣ ሰኞ

ተከፈተ! በአምቡላንስ ሄዱ። አባቴ፣ እናቴ፣ ትዕዛዙ። ትዕዛዙ ጠብመንጃውን አባቴን ከመጠበቂያ ይልቅ የእናቴን ስንቅ ማስደገፊያ አድርጎታል፣ ስልክ ስትደውል እየሳቀች ነገረችኝ። ከሳቀች ደኅና ናቸው።

ጥር 28

ስልክ አይሠራም። ማሽላ ፈጨሁ። ላሟን አጠጣሁ። ያን መስመር እንደገና አነበብኩት። ቀለል አለኝ የሚለውን። አባቴ ቢሞት እኔ ጽፌዋለሁ ማለት ነው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ወጣለት! እናቴ ደወለች፣ መጀመሪያ አለቀሰች፣ የሞተ መሰለኝ። ከዚያ «ባቄላ፣ ባቄላ ያክላል!» ትላለች። ጠጠሩን ነው። ሐኪሞቹ ለአባቴ አሳዩት። ኩላሊቱ ተርፏል። ሌላ ሳምንት ቢቆይ አይተርፍም ነበር ብለዋታል።

«ደብተሩን አዩ፣ ሪፈሩን አዩ፣ ስሙን አዩ፣ ግባ አሉት፣ በቃ» አለች። «ላሚቱን ማንም አልጠየቃትም።»

ምስጋናዬን ለማን እንደማደርስ አላወቅሁም። ለእግዚአብሔር፣ ለሲስተር ካሰች፣ ውሃ ለሰጠችኝ ሴትዮ፣ ለሽማግሌው፣ ላላዘገዩን ሁሉ። እማማ ዘሀቢያ ሱቅ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ!» አሉና ሱቁን ትተው አቀፉኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው አራቁኝ፣ «ለእናትሽስ?» አሉኝ።

«ስትመጣ» አልኩ።

የካቲት 10

መጥታለች። አባቴ ወደ ማረሚያ ቤቱ ተመልሷል፣ ይሄዳል፣ ይበላል። እናቴ ለጠያቂ ሁሉ ታሪኩን ከመጀመሪያው ትናገራለች። እንዲህ ስትል ትጀምራለች፤ «አንድ ቀባሪ መዝጋቢ መጣብን…» ጥሩ አድርጋ ነው የምታወራው። ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

አልነገርኳትም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሲስተር ካሰች ዛሬ ወረቀት ሰጠችኝ። የአባቴን ካዩ በኋላ ሌሎቹም እስረኞች «እኛስ?» ብለው ጠየቋት። ከኛ ቀበሌ ያሉትን አሥራ አንድ ሰዎች ስም ጻፈች። «ለመዝጋቢው አድርሽልኝ። መድን ካላቸው ሲታመሙ ወዲያው እናውቃለን፣ እንደ አባትሽ ሩጫ አይሆንም። አንች ማንበብ ትችያለሽ፣ ቤታቸውንም ታውቂያለሽ።»

ልሄድ ስል ጠራችኝ። «መድን ሲመዘገብ ቤተሰቡ ስለነዚህ ሰዎች ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ገበያ ሄዷል ይላሉ። ሱዳን ሄዷል። አብዛኛው ግን የለም ነው የሚለው።»

እኔ ብቻ አይደለሁም። ደስ ሊለኝ ይገባል? አላውቅም።

የካቲት 19

ከደረበ ጋር መዝገቡን ስናገላብጥ ዋልን። ከአሥራ አንዱ የስድስቱ ቤት መድን አለው። በሦስቱ ቤት ስማቸው ከመዝገቡ ወጥቷል። አንዱ «የት እንዳለ የማይታወቅ» ተብሏል። ወህኒ ቤት አልጋው ከአባቴ አልጋ ቀጥሎ ነው።

ቤት ለቤት ሄድኩ። አንዷ ሚስት፣ የዓለምወርቅ የምትባል፣ በሩን ግማሽ ከፍታ «ማን ላከሽ?» አለችኝ። «አባቴ አብሮት ነው የታሰረው» አልኳት። እንዲህ ብዬ ስጀምር በሩ ሙሉ ይከፈታል። ዛሬ ነው ይህን ያወቅሁት።

የካቲት 24

የኛም ጾም ነው፣ የእማማ ዘሀቢያም ረመዳን ገብቷል። መንደሩ ሁሉ እስከ ከሰዓት ከንፈሩ ደርቆ ነው የሚውለው።

ደረበ ምሳ ከሚበላበት ቤት አጠገብ ሳልፍ ሰማሁ። ባለቤቷ «ቀባሪው፣ ዛሬ ምን ላቅርብልህ፣ ሽሮ ነው ንፍሮ?» አለችው። ተመጋቢው ሳቀ። ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው። እሱም ሳቀ። ግን ሽሮው ሲመጣ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተነሣ። ልጆች ከኋላው «ቀባሪው! ቀባሪው!» እያሉ ቢሮው ድረስ ሸኙት።

ተከትዬው ቢሮ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የዝውውር ማመልከቻ አየሁ። ምክንያት በሚለው ላይ «የአየር ጠባይ» ብሎ ጽፏል።

«ጋሼ፣ ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«ሙቀቱ ነው» አለኝ። ፎጣውን ነከረ።

የካቲት 30፣ እሁድ

ነገርኳት።

ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ማሽላ እንለቅም ነበር። እሷ ለጎረቤት ያወራችውን ለኔም ደግማ ልታወራ ጀመረች፣ «አንድ ቀባሪ መዝጋቢ…»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ሞቷል አላልኩም። የለም ነው ያልኩት። ሞቷል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት። ልጆቹ እንዳይሰሙ። አርብ ለታም ቢሮው ዝግ አልነበረም።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ማሽላውን መልቀሟን ቀጠለች። አንድ ድንጋይ አወጣች፣ አንድ ሌላ አወጣች።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ማን?»

«ልጁ። መዝጋቢው።»

«የኔ ፊርማ መዝገቡ ላይ አለ። መጀመሪያ የሄድን ለታ አይቶታል።»

«ያን ሁሉ ስሰድበው?»

«አዎ።»

እጇን ሰፌዱ ላይ ዘርግታ ቀረች። «እኔ ደግሞ ዝም ስትይ ዓይነ አፋር ናት፣ ጨዋ ናት እያልኩ በሰው ፊት እኮራብሽ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ አላናገረችኝም።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ጠዋት «ተነሽ» አለችኝ። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ሰው እስኪበዛ ሆን ብላ ጠበቀች፣ ከሰዓት ሆነ። ሰልፉ ውስጥ ያን ለታ የነበሩትም ነበሩ። እሷ ግን ዛሬ ሰልፉን አላለፈችም፣ ተራዋን ጠበቀች።

ጠረጴዛው ፊት ስትቆም ደረበ ወደ ኋላ ሸሸ። እውነቴን ነው፣ ወንበሩ ተንቋቋ።

«ደረበ» አለች፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «ገዳይ ያልኩህ በሰው ፊት ነው፣ ይቅር በለኝ የምልህም በሰው ፊት ነው። ባሌን የገደልከው አንተ አይደለህም። እኛው ቤት ነው የሞተው። አንተ ደግሞ አውቀህ ሸፈንከን።»

እኔም ተናገርኩ። ያልኩትን አልጽፈውም፣ ሁሉም ሰምቶታል።

ደረበ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። ፊቱ ቀላ። «እትየ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ። «የለም ሲሉኝ የት ነው የሌለው ማለት ነበረብኝ። አሁን ሁሉንም እጠይቃለሁ።»

«ትጠይቃለህ!» አለ ከኋላ አንዱ። «አርብ ለታ ሚስቴን ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ባልሽ የት ነው እያለ። እኔ እኮ አጠገቧ ቆሜ ነበር!»

ሰው ሁሉ ፈነዳ። ደረበም ሳቀ፣ ዛሬ እስከ ዓይኑ ነው። እናቴ ከመውጣቷ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማመልከቻ አይታ «ይኼ ምንድን ነው?» አለችው። «ምንም አይደለም» አለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ይቅደደው ወይም ይላከው አላውቅም።

ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ሰሊጡ የታጨደበት ሜዳ እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ይጋያል። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«እስቲ ጮክ ብለሽ ተናገሪ» አለችኝ።

«ምን ልበል?»

«የመጣልሽን። እኔ ልስማሽ።»

ማዶ ከሰል ጭነው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። አፈርኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

«ውሃ ጠማኝ!» አልኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ከሰል የጫኑት ዞረው አዩን። እናቴ አየችኝና መሳቅ ጀመረች፣ ሆዷን ይዛ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እየሳቀች ኮዳውን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ። ጠጥቼ መለስኩላት፣ እሷም ጠጣች።